የቆሎ ተማሪ፣ ድርቆሽና ዳፍንት

በአብነት ትምህርት ቤት የተማሪ ቀለብ ለዘመናት ከቆሎና ከቁራሽ ብዙም አላለፈም። ተማሪው ደበሎውን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በዱላው ውሻ እየመከተ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ ይለምናል። ከዕለቱ የተረፈውን እንጀራ ጎጆው ወስዶ በፀሐይ ያደርቃል፤ ድርቆሹን ሲርበው በውኃ አርሶ ይበላዋል። የቅኔ ተማሪ ደግሞ ረኃቡንም የምትነፍገውን የቤት እመቤት ንፍገትም በሰምና ወርቅ ይቀልድበታል።

ገብስና ሽምብራ ጉልበት ይሰጣሉ፤ ቫይታሚን ኤ ግን በእነሱ ዘንድ ከቁጥር አይገባም። እሱ ያለው በቅቤ፣ በእንቁላልና በጉበት ነው። እነዚህን ጾሙ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይከለክላል፤ በፍስክም ቢሆን ለቆሎ ተማሪ ጉበት የሚያወጣ ደጅ ከየት ይመጣል? ጎመን የሰጠች እናት ሳታውቀው መድኃኒት ሰጥታለች፤ የጎመን ቅጠል በሰውነት ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጥ ንጥረ ነገር አለውና።

የዚህ ቫይታሚን እጥረት ቀድሞ የሚታወቀው ሲመሽ ዓይን በመያዙ፣ በዳፍንት ነው። ካዚሚር ፈንክ «ቫይታሚን» የሚለውን ስም ያወጣው በ1912 እ.ኤ.አ. ነው። የአብነት ትምህርት ቤት ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ፣ ሳያስበው፣ ዳፍንት የማያስተጓጉለው ትምህርት ነበረው፦ የቃል ትምህርት የሚጠናው በሌሊት፣ ያለ መጽሐፍና ያለ መብራት ነው።