የመንገድ በጀት በእግረኛ ሲለካ

በከተሞች ለመንገድ የሚመደበው ገንዘብ ለረጅም ጊዜ ሲለካ የኖረው በተሽከርካሪ ብዛት ነው። በዚህ ስሌት መኪና የሚበዛበት ሰፈር ቀድሞ አስፋልት ያገኛል፤ ነዋሪው በእግሩ የሚመላለስበት ሰፈር ግን ተራ ይጠብቃል። ስሌቱ ጎደሎ ነው። በአዲስ አበባ እንኳ ከዕለታዊ ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር የሚደረግ ሲሆን፣ በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት መካከልም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው።

ከተማዋ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል መርሐ ግብር የተመረጡ ጎዳናዎችን በወር አንድ እሑድ ለተሽከርካሪ መዝጋት ጀመረች። ትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው የ10 ዓመት የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ደግሞ የክልል ከተሞችንም ይመለከታል።

ጉዳዩ ለመካነ ሰላም ሩቅ አይደለም። ከቦረና ወረዳ ቀበሌዎች እህሉን በአህያ ጭኖ ወደ ገበያ የሚገባ ገበሬ እግረኛ ነው፤ የተለየ መሄጃ በሌለበት ሁሉ ከጭነት መኪና ጋር አንድ ጠርዝ ይጋራል። ተሽከርካሪ ብቻ የሚቆጥር ጥናት እሱንም ሆነ ተማሪውን አያያቸውም።

መፍትሔው ሁልጊዜ ውድ አይደለም። የመንገድ ዳር ማፋሰሻ ቦይ በኮንክሪት ክዳን ሲሸፈን ለእግረኛ መሄጃ ይሆናል፤ ክፍት ከቀረ ግን በክረምት ጨለማ ራሱ አደጋ ነው።