ከሃሊፋክስ ጉም የወጣው የመንገድ ብርሃን

በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር የምትገኘው ሃሊፋክስ ኮረብታማ የሱፍ ፋብሪካዎች ከተማ ስትሆን፣ በክረምት ምሽት የፋብሪካው ጭስ ከጉም ጋር ሲደባለቅ የመኪና የፊት መብራት ጉሙን አብርቶ የሹፌሩን ዓይን ከማጥበርበር ያለፈ እምብዛም አይረዳም ነበር። የዚሁ አካባቢ ተወላጅና በመንገድ ሥራ የሚተዳደረው ፐርሲ ሾው (1890–1976) መፍትሔውን የፈለገው መብራቱን በማጠንከር ሳይሆን መንገዱ ራሱ ብርሃን እንዲመልስ በማድረግ ነው። የሐሳቡን መነሻ አንዱ ትረካ በጨለማ ካበራ የድመት ዓይን፣ ሌላው ከትራም ሐዲድ፣ ማለትም በጎዳና ላይ ከተዘረጋው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ነጸብራቅ ጋር ያያይዘዋል። ብርሃንን ወደመጣበት የሚመልሰውን መስታወት ግን ሪቻርድ ሆሊንስ ሙሬይ የተባለ የሂሳብ አያያዝ ባለሙያ ለማስታወቂያ ሰሌዳ ቀደም ብሎ ፈጥሮት ነበር።

የሾው እውነተኛ ብልሃት፣ ከመስታወቱም በላይ ሊደነቅ የሚገባው፣ ጽዳቱ ነው። በክረምት የመንገድ ጭቃ ማንኛውንም አንጸባራቂ በአጭር ጊዜ ስለሚሸፍነው፣ ሾው አራቱን መስታወቶች፣ ሁለት ሁለቱን በየአቅጣጫው አድርጎ፣ በሚተጣጠፍ የጎማ ማቀፊያ ውስጥ አስቀመጣቸው፤ ማቀፊያውንም መንገዱ ውስጥ በተቀበረ የብረት ሳጥን ውስጥ አኖረው። የተሽከርካሪ እግር ሲረግጠው ጎማው ወደ ታች ተጭኖ በሳጥኑ ሥር የተጠራቀመውን የዝናብ ውሃ እየነካ መስታወቶቹን ይጠርጋል፤ የሹፌሩን እይታ የሚጋርደው ዝናብም በዚህ መንገድ ለእይታው አገልጋይ ይሆናል። ጠንካራው ብረት ደግሞ ከበረዶ መጥረጊያ መኪና ምላጭ ይከላከለዋል።

ሾው የፈጠራ ባለመብትነቱን እ.ኤ.አ. በ1934 አስመዝግቦ በ1935 ፋብሪካ ቢያቋቁምም፣ ጥቅሙን በሰፊው ያሳየው ጦርነት ነው። ከመስከረም 1939 ጀምሮ፣ የጀርመን አውሮፕላኖች ዒላማ እንዳያገኙ የመንገድ መብራት ሁሉ ጠፍቶ የመኪና መብራትም በክዳን ሲሸፈን፣ የአደጋው ቁጥር አሻቀበ፤ በ1941 ብቻ በብሪታንያ መንገዶች 9,169 ሰዎች ሞቱ፤ ከዚያ ወዲህም ይህን ያህል ሕይወት የጠፋበት ዓመት የለም። የጠላት አብራሪ ከላይ የማያየው፣ ሹፌር ግን በደብዛዛ መብራቱ የሚያገኘው ምልክት ያን ጊዜ ተፈላጊ ሆነ። በኋላም የፈጣን መንገዶች ዘመን ሲመጣ ቀለም ተጨመረለት፤ ነጩ የመንገዱን ረድፎች ሲለይ፣ ቀዩ የግራውን ዳር፣ ብርቱካናማው የመሐሉን አካፋይ፣ አረንጓዴው መግቢያና መውጫውን ስለሚያመለክት፣ ሹፌሩ ጉም ምንም ቢወፍር ከመንገዱ በየትኛው በኩል እንዳለ ከቀለሙ ይረዳል።