ማዳመጫው ችሎ ሳለ

ስለ አፍሪካ አዳራሽ ሲወራ ቀድመው የሚነሱት የአርክቴክቱ አርቱሮ ሜዜዲሚ ሥራና የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ናቸው። በካዛንቺስ ዳር በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን ይህን አዳራሽ ከቋንቋ አንጻር ለማየት ግን ማዳመጫውን መመርመር ይበጃል። ንግግርን እየተነገረ ሳለ በብዙ ቋንቋ ማስተርጎም በሰፊው የተፈተነው በ1938 ዓ.ም. በጀመረው የኑረምበርግ ችሎት ሲሆን፣ እዚያ አራት ቋንቋዎች በሽቦ እየተላለፉ አድማጩ የሚፈልገውን ይመርጥ ነበር። ከዚያ በፊት አስተርጓሚው ተናጋሪው እስኪጨርስ ስለሚጠብቅ ጉባኤው ጊዜውን በእጥፍ ይፈጅ ነበር።

የአሠራሩ ብልሃት ያለው በአስተርጓሚው ጆሮ ላይ ነው። በመስታወት ክፍሉ ተቀምጦ አንዱን ጆሮ በማዳመጫው ይሸፍናል፤ ሌላውን ብዙ ጊዜ ገለጥ ያደርገዋል፣ የራሱን ድምፅ መቆጣጠር አለበትና። ከፊቱ ባለው ሰሌዳ ከመድረኩ የሚመጣውን ድምፅ ወይም ባልደረባው ከጎረቤት ክፍል የሚተረጉመውን ይመርጣል። ዓረብኛ የማያውቅ የፈረንሳይኛ አስተርጓሚ ንግግሩን ከእንግሊዝኛው ቻናል ሰምቶ ያስተላልፋል። እንግዲህ አንድ ቋንቋ ወደ ሁሉም ጆሮ ለመድረስ የሚያስፈልገው አንድ ድልድይ ብቻ ነው። በአዳራሹ የአፍሪካ ቋንቋዎች እንደ ሥራ ቋንቋ ያላገለገሉት መሣሪያው ስላልቻለ አይደለም የምለውም ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በዚሁ አዳራሽ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የሥራ ቋንቋዎችን ሲዘረዝር ለአፍሪካ ቋንቋዎች ብቻ «ከተቻለ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አኖረ፤ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ግን ያለ ቅድመ ሁኔታ ገቡ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1956 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በአማርኛ ተናገሩ። በጉባኤው ደንብ መሠረት ተናጋሪው ወደ አንዱ ይፋዊ ቋንቋ የሚያስተረጉምለትን ካቀረበ፣ ሌሎቹ ከዚያ ተቀብለው ይተረጉማሉ። ኒው ዮርክ የተቻለው አዲስ አበባ የማይቻልበት ቴክኒካዊ ምክንያት አልነበረም።

አፍሪካ ከሁለት ሺህ በላይ ቋንቋ ስላላት ለየትኛው ክፍል ይሠራል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እዚህ ላይ መናገርና መስማት ተለያይተው መታየት አለባቸው። በአንድ ቋንቋ ለመስማት ራሱን የቻለ ቻናል ያስፈልጋል፤ ለመናገር ግን ወደ አንዱ የሥራ ቋንቋ የሚመልስ ይበቃል። በድልድይ የሚመጣ ትርጉም ይዘገያል፣ ስሕተትም ይወርሳል መባሉ እውነት ነው፤ ሆኖም የተባበሩት መንግሥታት የዓረብኛና የቻይንኛ ንግግሮች በየዕለቱ የሚያልፉት በዚሁ መንገድ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፤ የሠለጠነ አስተርጓሚ የለም ይባላል። ግን ሥራው ሳይፈቀድ ማን ይሠለጥናል? የሞዛምቢኩ ፕሬዚዳንት ጆአኪም ቺሳኖ በ1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባው የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ በስዋሂሊ ተናገሩ፤ ኅብረቱ ስዋሂሊን የሥራ ቋንቋው ያደረገው ግን በ2014 ዓ.ም. ነው። በነዚህ ዓመታት የጎደለው ሽቦ ሳይሆን ውሳኔ ነበር።

አዳራሹ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። መሣሪያን ማደስ ከሁሉ የሚቀል ሥራ ነው፤ የሐውሳ፣ የአማርኛ፣ የኦሮምኛ አስተርጓሚ የሚያሠለጥን በጀት ካልተከተለው ግን የ1955ቱ ቅድመ ሁኔታ ባለበት ይቀጥላል።