ትርታማ ፍሰትና ወጥ ፍሰት፦ የሁለት ስልቶች ታሪክና ስያሜ

«ደም ፈሰሰው» ስንል ደማ ማለታችን ነው፤ «የደም ፍሰት» ስንል ግን ደሙ በሥሮቹ ውስጥ የሚያደርገውን ጤናማ ጉዞ ማለታችን ነው። ከአንድ ግሥ የወጡት እነዚህ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች በተራ ንግግር ብዙ አይጋጩም። በልብ ቀዶ ሕክምና ጽሑፍ ግን ይጋጫሉ። ልብና ሳንባን ተክቶ የሚሠራው መሣሪያ ደምን ከሚገፋባቸው ሁለት ስልቶች አንዱን፣ የባዕዱን ስም ቃል በቃል ተከትለን «የማያቋርጥ የደም መፍሰስ» ብንለው፣ ደሙ እንዳይረጋ ሄፓሪን የተሰጠው ሕመምተኛ ደሙ ተንጠፍጥፎ አለቀ ያልን ይመስላል። የፈቃድ ቅጹን የሚፈርም ቤተሰብ ይህን ቢያነብ ምን ሊያስብ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ስያሜውን ከመቁረጣችን በፊት ነገሩ ራሱ እንዴት እንደ መጣ ልንመለከት ይገባናል።

ጤነኛ ልብ እንደ ወናፍ ትጨመቃለች፣ ትላላለች፤ በደም ቅዳ ውስጥ ያለውም ግፊት ከፍ ዝቅ ይላል። ጣታችንን በእጃችን አንጓ ላይ ስናሳርፍ ትር ትር የሚለው ይኸው ነው። ፈረንሳዊው ለ ጋሉዋ በ1812 እ.ኤ.አ. ልብን የሚተካ ነገር ደም ቅዳዎችን በደም ሊመግብ ቢችል ማንኛውንም የአካል ክፍል በሕይወት ማቆየት እንደሚቻል ገምቶ ነበር። ግምቱ በልብ ቀዶ ሕክምና ፍሬ እስኪያፈራ ድረስ 141 ዓመት አለፈ። ሜይ 6 ቀን 1953 እ.ኤ.አ. ጆን ጊበን በፊላደልፊያ በጄፈርሰን ሕክምና ኮሌጅ ሆስፒታል የአንዲት የ18 ዓመት ወጣት ልብ ከፍቶ በላይኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል የነበረውን ቀዳዳ ሲደፍን፣ መሣሪያው ልቧንና ሳንባዋን ለ26 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ተክቶ ሠራ።

የጊበን መሣሪያ ደሙን የሚገፋው ማይክል ደበኪ በ1934 እ.ኤ.አ. ለደም መስጫ ባቀረበው ዓይነት ፓምፕ ነበር። ጥጥ በመዳመጫ ብረት እንደሚዳመጥ ሁሉ፣ ይህም ፓምፕ ቱቦውን እየዳመጠ በውስጡ ያለውን ደም ወደ ፊት ይነዳል። ስለዚህ «ባለ መዳመጫ ፓምፕ» ብንለው ባላገሩም ይረዳናል። አሠራሩ ቀላል ስለ ነበረ ተስፋፋ፤ የልብን ትርታ ግን አይሰጥም፤ ጥቂት ሞገድ ብቻ ያሳያል። ሰውነት ያለ ትርታ ይኖራል ወይ የሚለው ጥያቄ ወዲያው ተነሣ። በ1955 እ.ኤ.አ. ዌሶሎቭስኪና ባልደረቦቹ በእንስሳት ላይ ባደረጉት ምርምር ሰውነት ለአጭር ጊዜ ያለ ትርታ እንደሚችል አሳዩ፤ ክርክሩም ለጊዜው የበረደ መሰለ።

በ1966 እ.ኤ.አ. ሼፐርድና ባልደረቦቹ ያቀረቡት መለኪያ ግን ነገሩን አዲስ መልክ ሰጠው። አማካይ ግፊታቸው እኩል የሆነ ሁለት ፍሰቶች የሚያደርሱት ጉልበት እኩል ላይሆን እንደሚችል አመለከቱ። በ1982 እ.ኤ.አ. ቴይለርና ባልደረቦቹ በግላስጎ በ350 ሕመምተኞች ላይ ሁለቱን ስልቶች አነጻጽረው ለትርታው መሰከሩ። በ1995 እ.ኤ.አ. መርኪን በካናዳ በ316 ሕመምተኞች ላይ ያወጣው ጥናት ደግሞ መሐል ላይ ቆመ፤ በትርታው ሞትና የልብ ችግር ቀንሷል፣ በአእምሮ ሥራ ላይ ግን ልዩነት አልታየም። እኛን ይበልጥ የሚመለከተው ከክርክሩ ምክንያቶች አንዱ ነው። ተመራማሪዎቹ «ትርታ» ሲሉ አንድ ነገር ማለታቸው አልነበረም፤ ከፊሎቹ የግፊቱን ከፍታና ዝቅታ ልዩነት፣ ከፊሎቹ ጉልበቱን ይለኩ ነበር። በፓምፑ ላይ የነበረው ትርታም በኦክስጅን መስጫውና በቀጭኑ ቱቦ ሲያልፍ ይደክማል፤ ሕመምተኛው ዘንድ የሚደርሰው ስሙን ብቻ የያዘ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ስያሜው። «የማያቋርጥ» ያልነው ፍሰት ተቃራኒው «የሚያቋርጥ» ይመስላል፤ በትርታ የሚሄደው ደም ግን አይቋረጥም፤ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ። «ትርታ አልባ» ደግሞ ከሁለት ወገን ይነቀፋል። አንደኛ፣ የባለ መዳመጫውን ሞገድ ይክዳል። ሁለተኛ፣ በአማርኛ ትርታው ቆመ የተባለ ሰው ሞቷል። ይህ ዛሬ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደውን ሃርትሜት 2 የተባለ የልብ አጋዥ ፓምፕ በሰውነታቸው የያዙ ብዙ ሰዎች፣ የእጃቸው አንጓ ቢዳሰስ ትርታ ሳይገኝ በእግራቸው ይሄዳሉ።

ስለዚህ አንዱን «ትርታማ ፍሰት»፣ ሌላውን «ወጥ ፍሰት» እንላለን፤ «መፍሰስ» ለመድማት ብቻ ይቅር። ወጥ ከእንጀራ ጋር ይመጣል ብሎ የሚቀልድብን አይጠፋም፤ ነገር ግን ከአንድ ወጥ ድንጋይ ተፈልፍሎ ስለተሠራ ቤተ ክርስቲያን ሲነገር ድስት የሚያስብ የለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የተፈቀደው ሃርትሜት 3 ግን ፍጥነቱን በየ2 ሰከንዱ እየለወጠ በወጥ ፍሰቱ ላይ ትርታ ይጨምራል። እርሱን «ሰው ሠራሽ ትርታ» ብለነዋል፤ የተሻለ ያለው ይላክልን።