የክፍል ውስጥ ስሕተቴና የእንግሊዝ መርከቦች ባንዲራ

ልጆቼ፣ ወዳጆቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ዕዳ ለመክፈል ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ እንግሊዝ አገር ሳውዝሃምፕተን ነው የሚኖረው። ባለፈው ሰሞን ከወደቡ የአንዲት ትንሽ ጀልባ ፎቶ ላከልኝ። ከጀልባዋ ኋላ ቀይ ባንዲራ ተሰቅሏል፤ ሁላችን የምናውቀው የእንግሊዝ ባንዲራ ያለው ከላይ ጥጉ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም በትንሹ። «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች የአገራቸውን ባንዲራ ትተው ምንድነው የሰቀሉት?» ይላል። እኔም በድፍረት «የጀልባ ክለብ ዓርማ ይሆናል» ብዬ መለስኩ። ተሳስቻለሁ። ነገሩ ስለከነከነኝ ሳነብ አመሸሁ። ሳነብ ደግሞ ከዚህ የባሰ፣ ለዓመታት ሰሌዳ ፊት ቆሜ የተናገርኩት ስሕተት ተገለጠልኝ። ወደሱ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ ግን ደንቡ ይቅደም።

ያ የምናውቀው ባንዲራ፣ ዩኒየን ጃክ፣ ባሕር ላይ እንደልብ አይሰቀልም። የግል ጀልባ ያለው እንግሊዛዊ «አገሬ ነው» ብሎ ቢሰቅለው ሕግ ጥሷል። የባሕር ኃይሉ መርከብ ወደብ ላይ ስትቆም ከፊት አፍንጫዋ ላይ ትሰቅለዋለች። የመርከብ ዜግነት የሚታወቀው ግን ከኋላዋ በሚውለበለበው ነው። እሱ «ኢንሳይን» ይባላል፤ የክብር ቦታውም ኋላ ነው። ቀለሙ ሦስት ዓይነት ነው። ቀዩ የንግድ መርከብና የተራው ሰው ጀልባ ነው። ነጩ፣ ቀይ መስቀል ያለበት፣ የንጉሣዊው ባሕር ኃይል ነው። ሰማያዊው የመንግሥት አገልግሎት መርከቦች፣ ልዩ ፈቃድ የተሰጣቸው አንዳንድ የጀልባ ክለቦች፣ እንዲሁም ካፒቴናቸው የባሕር ኃይል ተጠባባቂ መኮንን ሆኖ ፈቃድ ያገኙ የንግድ መርከቦች ነው። ይችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፣ ኋላ ትጠቅመናለች።

ቀለሞቹ ድሮ እንዲህ አልነበሩም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በሦስት ጓድ ሲከፈል፣ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ የጓዶቹ መለያ ሆኑ። የአድሚራሎቹም ማዕርግ በዚያው ተቆጠረ፤ ቀይ ከነጭ ይበልጣል፣ ነጭ ከሰማያዊ። እ.ኤ.አ. በ1805 በትራፋልጋር ጦርነት ኔልሰን የነጩ ምክትል አድሚራል ነበር፣ ሁለተኛው አዛዥ ኮሊንግዉድ ደግሞ የሰማያዊው። ሁሉም የየራሱን ቢሰቅል በባሩድ ጭስ ውስጥ ወገንን ከጠላት መለየት ሊያስቸግር ነው። ኔልሰን ሁሉም ነጩን ይስቀል ብሎ አዘዘ። በ1864 የጓድ ሥርዓቱ ጭራሽ ቀረና ሦስቱ ቀለሞች በሥራ ዓይነት ተከፋፈሉ። የንግድ መርከቦች ግን ቀዩን የያዙት ዳግማዊ ቻርልስ በ1674 ካወጣው አዋጅ ጀምሮ ነው። መርከበኞቹ በፍቅር «ቀዩ የአቧራ መጥረጊያ» ይሉታል። እኛ አገር ባንዲራን እንዲህ ብትጠራው ምን እንደሚገጥምህ ታውቃላችሁ!

ከግል ጀልባዎች መካከል ነጩን መስቀል የተፈቀደላቸው ካውዝ ከተማ ያለው የአንድ ክለብ፣ የሮያል ያት ስኳድሮን፣ አባላት ናቸው፤ ፈቃዱን ያገኙት በ1829 ነው። ወደ ደቡብ ዋልታ የሄደው ካፒቴን ስኮት የዚህ ክለብ አባል ስለሆነ ነው «ቴራ ኖቫ» የተባለችው መርከቡ ነጩን ሰቅላ የተጓዘችው።

ይህ ሁሉ የወግ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1894ቱ የንግድ መርከቦች ሕግ የማይገባውን ባንዲራ የሰቀለ እስከ 500 ፓውንድ ይቀጣ ነበር፣ የዚያን ዘመን 500 ፓውንድ። መኮንንም መርከቡ ላይ ወጥቶ ባንዲራውን አውርዶ መውሰድ ይችላል። ዛሬ ያለው የ1995ቱ ሕግም ያንኑ ሥልጣን ይሰጣል። የእንግሊዝ መርከብ የውጭ አገር ወደብ ስትገባና ስትወጣ፣ የባሕር ኃይሉም መርከብ ምልክት ስትሰጣት ባንዲራዋን ማሳየት ግዴታዋ ነው።

ወጉ ደግሞ ለብቻው አለ። ባንዲራው ወደብ ላይ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይሰቀላል፣ በክረምታቸው 3 ሰዓት። የሚወርደው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ በጋ ላይ ቀኑ ስለሚረዝም ፀሐይ ባትጠልቅም ከምሽቱ 3 ሰዓት አያልፍም። እኔን የማረከኝ ሰላምታቸው ነው። የንግድ መርከብ በጦር መርከብ አጠገብ ስታልፍ ባንዲራዋን ዝቅ ታደርጋለች። የጦር መርከቧም ዝቅ አድርጋ ትመልስና ከፍ ታደርጋለች፤ የመጀመሪያዋ የራሷን መልሳ የምትሰቅለው ከዚያ በኋላ ነው። ቁጭ የእኛ አገር እጅ መንሣት!

አሁን ወደ ዕዳዬ። 1928 ዓ.ም.ን ሳስተምር እንዲህ እል ነበር፦ «ንጉሠ ነገሥቱ ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው እንግሊዝ አገር ገቡ።» ብዙዎቻችሁ ደብተራችሁ ላይ ጽፋችሁታል፤ ፈተና ላይም ጠይቄ አርሜበታለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሚያዝያ 26 ቀን ከጅቡቲ የተነሡት በ«ኢንተርፕራይዝ» ነው፤ እሷ የባሕር ኃይሉ ክሩዘር ናት፣ ኋላዋ ላይ ነጩ አለ። አዲስ አበባ በማግስቱ በጣሊያን እጅ ወደቀች። በዚያች ሳምንት የዚያ ነጭ ባንዲራ ትርጉም ቀላል አልነበረም፤ የጦር መርከብን ማንም አስቁሞ አይፈትሽም፣ ተሳፋሪውም የእንግሊዝ መንግሥት እንግዳ ነው። እሷ እስከ ሃይፋ አደረሰቻቸው። ኢየሩሳሌም ሰንብተው እንደገና ከሃይፋ ተነሡ፣ አሁንም በጦር መርከብ፣ በ«ኬፕታውን»።

ግን «ኬፕታውን» እስከ እንግሊዝ አልወሰደቻቸውም። ጅብራልታር ላይ አወረደቻቸው። ከዚያ በኋላ የተሳፈሩት «ኦርፎርድ» በምትባል የመንገደኞች መርከብ ነው፣ ቲኬት የቆረጠ ሁሉ በሚሄድባት። ግንቦት 26 ቀን ሳውዝሃምፕተን የደረሱት በእሷ ነው። እንዲህች ያለች መርከብ በሕጉ ቀዩን ትሰቅላለች፤ ካፒቴኗ ተጠባባቂ መኮንን ሆኖ ፈቃድ ካለው ደግሞ ሰማያዊውን። ነጩን ግን በምንም መንገድ አትሰቅልም።

«ጋሼ፣ ባንዲራው ቢለወጥስ፣ ምን ይለውጣል?» የምትሉኝ አትጠፉም። ንጉሠ ነገሥት በባሕር ኃይል መርከብ ወደብ ከገባ አቀባበሉ የመንግሥት ነው፤ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ከመጣ መንግሥት ከዚህ ይተርፋል። የለንደን ሰዎች በዚያን ጊዜ ሙሶሊኒን ማስቀየም አልፈለጉም፤ በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተነሣ። ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ወጥቶ የተቀበላቸው ሕዝቡ ነው፤ የሕዝቡንና የመንግሥቱን ነገር መለየት ነበረብኝ። እኔ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ለእንግሊዝ መንግሥት ያልሰጠውን ክብር ሰጠሁት። እንግዳውን ከእሳት አውጥቶ እደጁ ሲደርስ በጓሮ በር ያስገባውን ሰው፣ በዋናው በር እጅ ነሥቶ የተቀበለ አስመስዬ አስተማርኩ።

ሳውዝሃምፕተን ላለው ልጅም ጻፍኩለት። ያቺ ፎቶ ያነሣሃት ጀልባ የሰቀለችው የአገሯን ባንዲራ ነው፤ ክለብ ያልኩህን እርሳው አልኩት።

የድሮ ደብተራችሁን ያላቃጠላችሁ ካላችሁ፣ አውጡና «በእንግሊዝ የጦር መርከብ» ከምትለዋ ቀጥላችሁ «እስከ ጅብራልታር» ብላችሁ ጨምሩበት። ፈተናው ላይ «በመንገደኛ መርከብ» ብሎ ጽፎ እኔ ኤክስ ያደረግኩበት ሰው ካለ ደግሞ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ማርኩን እመልሳለሁ።