ቅጂው አለ፤ መመለሱስ?

አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ፒ.ሲ. ኤክስ.ቲ. የተሰኘውን የግል ኮምፒዩተር ለገበያ ሲያቀርብ በሆዱ 10 ሜጋባይት የሚይዝ ሐርድ ዲስክ ነበረው። ዛሬ በስልክ ከምናነሳቸው ፎቶግራፎች ሦስት አራቱን ቢይዝ ነው። በዚያን ጊዜ ግን የአንድ ትንሽ ቢሮ ደብዳቤና ሒሳብ ይበቃው ነበር፤ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው። ቀድሞ ሥራው በየዲስኬቱ ተበታትኖ ስለሚቀመጥ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። አሁን ሁሉም በአንድ ሣጥን ገባ፤ ሣጥኑ ከሄደ ሁሉም ሄደ።

ለዚህም ሲባል ከማሽኑ ጋር የወጣው ዶስ 2.0 «ባክአፕ» እና «ሪስቶር» የሚባሉ ሁለት ትእዛዞች ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ይቀዳል፤ ሁለተኛው የተቀዳውን ይመልሳል። ሲሰሙት ቀላል ነው። ሆኖም አንድ ዲስኬት የሚይዘው 360 ኪሎባይት በመሆኑ የሞላ ሐርድ ዲስክ ለመቅዳት ወደ 30 የሚጠጉ ዲስኬቶች ያስፈልጋሉ። ሰውየው ማሽኑ ፊት ቁጭ ብሎ አንዱን ያስገባል፣ ይጠብቃል፣ ያወጣል፣ ቁጥር ይጽፍበታል፣ ቀጣዩን ያስገባል። ሲመልስም በዚያው ተራ ነው። የተቀዳው ደግሞ እንደማንኛውም ፋይል ተከፍቶ የሚነበብ ሳይሆን በ«ሪስቶር» ብቻ የሚፈታ ነበር። 17ኛው ዲስኬት አልነበብ ያለው ሰው ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

ይህንን በየሳምንቱ የሚሠራ ማን ነው? ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ባለሙያ መድበው በማግኔት ቴፕ ይቀዱ ነበር። ተራው ሰው ግን አንድ ጊዜ ሞክሮ ይተወዋል፤ ስንፍና ነው የሚሉትን እኔ አልቀበላቸውም። ማይክሮሶፍት በ1993 በኤም.ኤስ. ዶስ 6 ውስጥ በምርጫ ዝርዝር የሚሠራ የመቅጃ ፕሮግራም ጨመረ። መልኩ አማረ፤ ዲስኬቱን የሚቀያይረው ግን ያው ሰውየው ነበር።

ባለሙያ መመደብም ቢሆን ዋስትና አይደለም። በካሊፎርኒያ የሚገኘው ፒክሳር በ1998 «ቶይ ስቶሪ 2» የተባለውን ፊልም በመሥራት ላይ ሳለ በስሕተት የተሰጠ አንድ የመደምሰሻ ትእዛዝ ሥራውን ጠራረገው። የኩባንያው መሪ የነበረው ኤድ ካትሙል በኋላ በጻፈው መጽሐፍ እንደሚተርከው 90 በመቶው ጠፋ። መጠባበቂያ አለ ተብሎ ሲታይ እሱም በትክክል መቅዳቱን አቁሞ ኖሯል። መልሶ የሞከረው ስላልነበረ ማንም አላወቀም። ፊልሙን ያተረፈችው ልጅ ወልዳ ከቤቷ ትሠራ የነበረችው ጌሊን ሳስማን ናት፤ በቤቷ ኮምፒዩተር አንድ ቅጂ ነበራት። ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በመኪና አመጡት።

በእኔ ግምት ነገሩን ከባለሙያ እጅ አውጥቶ ለቤተሰብ ያደረሰው አፕል በ2007 ያወጣው «ታይም ማሽን» ነው። ውጫዊ ዲስክ ሲሰካ ኮምፒዩተሩ ይህን ዲስክ ለመጠባበቂያ ልጠቀምበት ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ራሱ በየሰዓቱ ይቀዳል፤ ያለፉትን 24 ሰዓታት በየሰዓቱ፣ ያለፈውን ወር በየቀኑ፣ ከዚያ በፊት ያለውን በየሳምንቱ ያስቀምጣል፤ ዲስኩ ሲሞላ አሮጌውን ይጥላል። ዋናው ቁም ነገር ግን መመለሱ ላይ ነው። የፋይሎቹ መስኮቶች፣ ያኔ በከዋክብት ሰማይ ላይ፣ አንዱ ከሌላው ኋላ ተደርድረው ይታያሉ፤ ሰውየው ወደ ትናንት፣ ወደ ባለፈው ማክሰኞ እየሄደ የጠፋበትን በዓይኑ አይቶ ይመልሳል። ከዋክብቱ ለታይታ ነበሩ ቢባል አልከራከርም። ዲስኩ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ከተቀመጠም ሌባ ሁለቱንም ይወስዳቸዋል።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ሌላ ችግር ነበር። በ1990ዎቹ የነበሩት የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች፣ ፓወር ግዕዝም ሆነ ቪዥዋል ግዕዝ ወይም አጋፋሪ፣ ፊደላቱን በየራሳቸው አሠራር በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። አንድ አንጋፋ ደራሲ በዚያን ዘመን የጻፉትን ልብ ወለድ በዲስኬት ሰጥተውኝ ነበር። ዲስኬቱ ደኅና ነው፤ ፋይሉም ተከፈተ። የወጣው ግን የእንግሊዝኛ ፊደላትና የሥርዓተ ነጥብ ዝርክርክ ነው። እሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው ብዙ ጊዜ ካዩት በኋላ «ይኼ የኔ አይደለም» አሉ። የተጻፈበት ፎንት ተፈልጎ ሲጫን ነው ገጹ ወደ አማርኛ የተመለሰው። ግዕዝ በዩኒኮድ 3.0 የገባው በ1999 ሲሆን፣ ማይክሮሶፍትም ኒያላ የተባለውን ፎንት በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር አወጣ። ከዚያ በፊት የተጻፈውን ግን ማን ይገለብጠዋል?

ዛሬ ቅጂው በስልክ ነው። አፕል ከ2011 ጀምሮ ስልኩ ቻርጅ ላይ ሆኖ፣ ተቆልፎ፣ ዋይፋይ ሲያገኝ ራሱ እንዲቀዳ አድርጓል፤ በአንድሮይድ ስልኮችም ፎቶውና አድራሻው በጉግል አካውንት ይቀመጣል። ባለቤቱ እንዲያውቅ እንኳ አይጠየቅም። ስልካቸው የተሰረቀባቸው አንዲት ጎረቤቴ አዲስ ገዝተው የልጅ ልጃቸውን ፎቶ እንድመልስላቸው መጡ። ፎቶው የትም አልሄደም፤ ኢሜይሉንና የይለፍ ቃሉን ብቻ ንገሩኝ አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ፤ «ሞባይል ቤት ያለው ልጅ ነው የከፈተልኝ። እሱም አሁን ሱቁን ለቋል።»