የኃይሉ መርጊያ አኮርዲዮንና አድናቂዎቹ

ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ያገኘውን አንድ ካሴት በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ባሳተመው ጊዜ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚገኙ የሙዚቃ ወዳጆች በእጅጉ ተደነቁ። ሥራው በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው» ነው። አድናቂዎቹ በተለይ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎቹን እንግዳ ቅንብር እያነሡ የነገን ሙዚቃ የሰሙ መሰላቸው። ከያኒው ግን የተነሣው ትናንትን ፍለጋ ነበር።

ክላሲካል የተባለው መሣሪያ አኮርዲዮን ነው። ኃይሉ በ1946 እ.ኤ.አ. በደብረ ብርሃን ተወልዶ ገና በወጣትነቱ ያለ አስተማሪ የለመደው ይህንኑ ነበር። ኋላ ኦርጋንና ኤሌክትሪክ ፒያኖ የአኮርዲዮንን ቦታ ወሰዱ፤ ራሱ ኃይሉም በአዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት በነበረው በዋልያስ ባንድ የታወቀው በኦርጋን ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. የታተመው «ቼ በለው» ለዚህ ምስክር ነው። ባንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ በተጓዘ ጊዜ ኃይሉና አንዳንድ ባልደረቦቹ እዚያው ቀሩ። የወጣትነቱን መሣሪያ እንደገና ያነሣው በዚያ በባዕድ አገር ነው።

አኮርዲዮን እንደ አንጥረኛ ወናፍ አየር ስቦ በብረት ምላሶች መካከል ያሳልፋል። ድምፁ እንደ መሰንቆ ከኖታ ወደ ኖታ አይንሸራተትም፤ ነገር ግን ወናፉ ሲጠብቅና ሲላላ ዜማው እንደ ሰው ትንፋሽ ከፍና ዝቅ ይላል። ኃይሉ ይህን ትንፋሽ ከሙግ፣ ከሮድስና ከከበሮ ማሽን ጋር ብቻውን ተጫውቶ አዋሐደው። በካሴቱ ውስጥ «አምባሰል» አለ፤ «ሽለላ»ም አለ። ከደባርቅ እስከ አዲ አርቃይ ባለው ደጋና ቆላ ላደገ አድማጭ ሽለላ የሰው ጉሮሮና የወኔ ጉዳይ ነው፤ በቁልፍ መሣሪያ ሲመጣበት መጀመሪያ ይገረማል፣ ከዚያ ግን ዜማውን ያውቀዋል። የውጭው አድናቂ በማሽኑ ሲደነቅ የአገሩ ሰው የሚያዳምጠው ይህን ትውውቅ ነው። ባዕዱ ይህን ባለመለየቱ ሊወቀስ አይገባም። የሚያስቆጨው፣ በአገር ቤት ገበያ የኖረውን ካሴት ለዓለም ያሳተመው ከሩቅ የመጣ ሰው መሆኑ ነው።

በእነዚያ ዓመታት ኃይሉ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ይተዳደር ነበር። ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ከመኪናው ኋላ ወንበር ሆኖ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። ከዳግም እትሙ በኋላ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ላላ በሉ» አልበምም አኮርዲዮኑን አልተለየም።